እህተማርያምና የ1999ኙ መጽሔት

እህተማርያም ሱቅ ገብቼ «ዛሬ ከባድ ዝናብ አለ አሉ» ካልኩ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳትመልስ «ማን አለ?» ትለኛለች።

«ሰው ነዋ።»

«የትኛው ሰው? የት ሆኖ ነው ያለው? መቼ?»

አሥራ ሰባት ዓመት ጎረቤታሞች ነን። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ወሬ በሰላም አውርቻላት አላውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ትቷታል፤ እኔ ግን እልኸኛ ስለሆንኩ በየቀኑ ትኩስ ወሬ ይዤ እገባለሁ፣ በየቀኑም አፍሬ እወጣለሁ።

ዘርይሁን እባላለሁ። ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ምድር ቤቱ ላይ ጫማ፣ አንደኛው ፎቅ ላይ ዊግ በሚሸጥበት ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሻንጣ እሸጣለሁ። ከእኔ ቀጥላ ያለችው ጠባብ ክፍል የእህተማርያም ናት። አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና በሩ አልዘጋ ያለ የብረት ቁም ሳጥን አላት። ኬንያውያኑ እንዲህ ያለውን ቤት «ሳይበር» ይሉታል፤ እኛም ሳይበር እንላለን። ጠዋት ጠዋት የመንግሥት ፎርም የሚያስሞላው፣ የፓስፖርት ፎቶ የሚያሳትመው ሰው ይሰለፋል። ከአሥር ሰዓት በኋላ ግን ሰልፈኛው ይለወጣል። የሐበሻ ልጆች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ከማታቱ፣ ከሚኒባሱ፣ ይወርዱና «አንቲ፣ ፕሮጀክት አለብኝ» እያሉ ይገባሉ።

እሷ ደግሞ ለዚህ ነው የተፈጠረችው። አዲስ አበባ እያለች በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ አዲስ መጽሐፍ በገባ ቁጥር ካርድ መሙላት ነበር፦ የጸሐፊው ስም፣ ርእሱ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ዓመቱ። ከዚያ ሥራ ይዛው የመጣችው አንድ ሕግ ነው፤ መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጥ፣ ከራስህ ምንም አትጨምር። ዲፕሎማዋን ግን ይዛ አልመጣችም። ሞያሌ ላይ ከነሻንጣዋ ጠፋባት። «ያኔ ከእኔ ብትገዢ ኖሮ ቁልፍ ያለው እሰጥሽ ነበር» እያልኩ አሾፍባት ነበር። አንድ ቀን ግን ሳትስቅ አየችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያችን ቀልድ ትቻታለሁ።

ልጆቹን እንዴት እንደምታሠቃያቸው ልንገራችሁ። ሚናስ የሚባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ቀጭኔ ጽፎ መጣ። ጽሑፉ ጥሩ ነበር። መጨረሻው ላይ «ምንጭ፦ ጉግል» ይላል። እህተማርያም መነጽሯን አወለቀች፤ መነጽሯን ስታወልቅ ነገር አለ ማለት ነው።

«ሚናስ፣ ቤት ስትከራዩ ደላላ አይታችኋል?»

«አዎ፣ አንቲ።»

«ደላላው ቤቱን አሳያችሁ። ቤቱን የሠራው እሱ ነው?»

«አይደለም።»

«ጉግል ደላላ ነው። ያሳይሃል እንጂ ባለቤት አይደለም። ሂድና ባለቤቱን ፈልግልኝ፤ ስለ ቀጭኔው የጻፈው ማነው? አጥንቶታል ወይስ እንደ ዘርይሁን ሰምቶ ነው?»

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ልጁ ዞሮ አየኝና ሳቀ። አልተቀየምኩም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ልጁ በማግስቱ የአንድ የእንስሳት ሐኪም ጽሑፍ አግኝቶ፣ ከነስሟና ከነዓመቱ አስፍሮ ሲመጣ ደረቱን የነፋበትን አነፋፍ አይቻለሁ። ለኅትመቱ ብቻ ነው የምታስከፍላቸው። ለሠሩት ሥራ ሁሉ ከምንጮቹ ዝርዝር ግርጌ «ታይቷል» ብላ ትፈርምላቸዋለች። ልጆቹ ያችን ፊርማ ከአስተማሪ ማርክ በላይ ይፈራሉ።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ምርቃት የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። ላቪንግተን በሚባለው የሀብታም ሰፈር ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በነፃ የትምህርት ዕድል ትማራለች። ስለዚያ ትምህርት ቤት ክፍያ ሳስብ ሻንጣዎቼ ሁሉ ባዶ መሆናቸው ትዝ ይለኛል፤ ዕድሉ ባይኖር በሩንም ባልረገጥነው ነበር። ዕድሉን የሚያሳጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማታለል። ይህ ልጄ ስትገባ በፈረምነው ወረቀት ላይ በደማቁ ተጽፏል።

የዓመቱ ትልቅ ፕሮጀክት ሲታዘዝ ምርቃት «አበሾች ናይሮቢ መሃል ከተማ ውስጥ ንግድ እንዴት ጀመሩ?» የሚል ርእስ መረጠች። ደስ አለኝ። ሩቅ መሄድ ምን ያስፈልጋል፣ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ይህን ሕንፃ በሐበሻ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ሲከፈት መጀመሪያ የገባሁት እኔ፣ ሌሎቹን እየጎተትኩ ያመጣኋቸው እኔ። ልጄ ሁሉንም በስልኳ ቀድታ ወደ አንቲዋ ወሰደችው።

እህተማርያም እስከ መጨረሻው አዳመጠች። «አባትሽን እወደዋለሁ» አለች፣ «ግን ያጋንናል። ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል።»

ከዚያ ከብረቱ ቁም ሳጥን ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ መጽሔት አወጣች። ናይሮቢ ያለው እድራችን አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ያሳተመው መታሰቢያ ነው። ሽፋኑ ላይ በትልቁ «1999» ይላል። ውስጡ ይህ ሕንፃ በተከፈተበት ዓመት ሱቅ የተከራዩ ሰባት ሐበሾች ስም በተርታ ተዘርዝሯል። እኔ አምስተኛ ነኝ። አምስተኛ መሆኔን ረስቼው ነበር፤ ልጄ ግን አልረሳችውም፣ ለሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ «አምስተኛው» ብላ ጠራችኝ።

ምርቃት ጽሑፏን ሠራች። ሕንፃው መግቢያ ላይ ግድግዳው ውስጥ የተተከለ ድንጋይ አለ፤ የተመረቀበት ዓመት 2005 ተብሎ ተቀርጾበታል። ፎቶ አንስታ አስገባችው። ስለ ሰባቱ ነጋዴዎች ደግሞ መጽሔቱን ጠቀሰች፤ የእድሩ ስም፣ የመጽሔቱ ርእስ፣ ናይሮቢ፣ 1999። እህተማርያም ዝርዝሩን ከመጽሔቱ ሽፋን ጋር አንድ በአንድ አመሳክራ «ታይቷል» ብላ ፈረመች። እኔም አነበብኩት። ሁለታችንም ምንም አልታየንም። አስተዋይ አንባቢ ይሄኔ ነገሩን አይቶታል፤ እኛ ግን በአንድ ራስ ሁለት ዘመን ይዘን ስለምንኖር፣ 1999 እና 2005 አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዓይናችንን አልቆረቆሩንም።

ማክሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ምርቃት ሱቄ ድረስ ይዛው መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ባባ፣ ፌክ ነው አሉኝ።»

«ምኑ?»

«ሶርሱ። መጽሔቱ የ1999 ሆኖ በ2005 ስለተከፈተ ሕንፃ እንዴት ይጽፋል ነው የሚሉት። ኦንላይንም ፈልገው አጡት። ኤ.አይ. ነው የፈጠረልሽ አሉኝ። ሐሙስ ኮሚቴ አለ። ባባ፣ ስኮላርሺፑን ሊወስዱት ነው።»

ደሜ ፈላ። ደብዳቤውን ነጥቄ እህተማርያም ሱቅ ገባሁ። ሰው ነበር፤ ፎርም የሚያስሞላ አንድ ሽማግሌና ፎቶ የምትነሳ አንዲት ሴት። አላፈርኩም። «ማን አለ፣ የት አለ፣ መቼ አለ ስትይ ከርመሽ ልጄን ገደል ከተትሻት» አልኳት። ሌላም ብዙ አልኩ፤ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

እህተማርያም ደብዳቤውን አነበበች። መጽሔቱን አወጣች። ሽፋኑን አየች፣ ደብዳቤውን አየች፣ ደግማ ሽፋኑን አየች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ዘርይሁን» አለች፣ «1999 የእኛ ነው።»

«ማለት?»

«በእኛ አቆጣጠር ነው። በእነሱ 2007 ነው። ልጅቷ እዚህ የተወለደች ናት፤ ናይሮቢ የታተመ ነገር የናይሮቢ ዓመት የተጻፈበት መስሏት ነው። እኔ ግን አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የፈረምኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እንግዲህ አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ይህች ነበረች። እህተማርያም ተሳሳትኩ ስትል የሰማሁ ቀን ሰው ሁሉ ጠርቼ የምጨፍር ይመስለኝ ነበር። ምንም ደስታ አላገኘሁባትም።

እኔ ነጋዴ ነኝ፣ መላ ቶሎ ይመጣልኛል። ሰዎቹ እስኪወጡ ጠብቄ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ኮምፒውተር አለሽ፣ ማተሚያ አለሽ። ሽፋኑን ስካን አድርጊው፣ 1999ን አጥፊና 2007 አድርጊው፣ አትሚና ልጅቷ ይዛው ትሂድ። በመተየብ የተሳሳትኩት ነው ትበል። እውነቱም እኮ 2007 ነው፤ ማንን በደልን?»

መነጽሯን አወለቀች።

«አሁን ፌክ አይደለም። ያልከውን ካደረግን ግን ፌክ ይሆናል» አለችኝ። «ልጅቷንም ውሸታም ልታደርጋት ነው። ሐሙስ ራሴ እሄዳለሁ።»

«ደሞ ሄደሽ ምን ልትያቸው?»

«የሆነውን።»

ሁለቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩ አልነግራችሁም። ባለቤቴ ሙሉሸዋ «ሾርባ ስትጠጣ ቢያንስ ማንኪያ ያዝ» እስክትለኝ ድረስ ነበር። እህተማርያም ግን መጽሔቱን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ ማስታወቂያውን፣ የሐዘን መግለጫውን፣ የአባላቱን ስም ዝርዝር ሁሉ። ረቡዕ ከሰዓት የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ግድግዳዬን ሁለት ጊዜ መታች። ስሄድ ገጹ መሃል በቢጫ ወረቀት ምልክት እያደረገች ነበር። ምን እንዳገኘች ብጠይቃት «ነገ» ብላ ዘጋችኝ።

ሐሙስ ሱቆቻችንን ዘግተን ሦስታችን በማታቱ ወደ ላቪንግተን ሄድን። እህተማርያም ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሳ፣ መጽሔቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ኮንዳክተሩ ሂሳብ ሲጠይቃት እንኳ በአንድ እጇ ነው የከፈለችው። ምርቃት በመስኮት ታያለች። እኔ ሦስት ጊዜ ቀልድ ለማምጣት ሞከርኩ። አራተኛውን ተውኩት።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ የሚናገሩት ግን አንዷ ናቸው፣ የታሪክ አስተማሪዋ ሚስ ናፉላ። ረጋ ያሉ፣ ጠቆር ያለ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። ንግግሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር።

«እርስዎ የተማሪዋ ምኗ ነዎት?» አሉ።

«ጎረቤቷ ነኝ» አለች እህተማርያም። «የምንጮቹን ዝርዝር ያየሁላት እኔ ነኝ። ፊርማው የእኔ ነው።»

«በዚህ ሙያ ሠልጥነዋል?»

እኔ በልቤ ንገሪያቸው እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው። ንገሪያቸው።

«ላሳይዎት የምችለው ወረቀት የለኝም» አለች። «ስለዚህ አይቁጠሩት።»

ሚስ ናፉላ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ታዲያ የሚሉትን ለምን አምናለሁ?»

«እኔን አይመኑኝ። ይህን ይዩ።»

መጽሔቱን ፊታቸው አስቀመጠች። የእኛ አቆጣጠር ከእነሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንደሚዘገይ አስረዳች፤ ሽፋኑ ላይ ያለው 1999 በእነሱ 2007 መሆኑንም ነገረች። ከዚያ ልጅቷ ይህን እንዳላወቀች፣ እሷ ግን እያወቀች ሳታስተውል እንዳሳለፈችው፣ የተጻፈውን እንዳለ መገልበጥ ብቻ በቂ መስሏት እንደኖረች ተናገረች። ቃል አልቆጠበችም፣ አልተቅለሰለሰችም። «ስህተቱ የእኔ ነው፣ የልጅቷ አይደለም» ብላ ጨረሰች።

«ይህም ቢሆን የእርስዎ ቃል ነው» አሉ ሚስ ናፉላ። ክፋት አልነበረበትም። ብትጠየቅ እህተማርያም ራሷ የምትለውን ነው ያሉት።

«አዎ» አለች እህተማርያም፣ የሆነ ነገር ፊቷ ላይ በራ፤ የሚመጥናት ሰው እንዳገኘች አውቃለች። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። የእድሩ የቀጣይ ስብሰባ ማስታወቂያ ነው። እሑድ፣ ግንቦት 5 ቀን 1999 ይላል። አዳራሹን የሚያከራዩት ኬንያውያን ስለሆኑ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ያው ቀን ተደግሞ ተጽፏል፤ 13 ሜይ 2007። «አማርኛውን ማንበብ አይጠበቅብዎትም። ስልክዎ ላይ 13 ሜይ 2007 ምን ቀን እንደዋለ ይዩ። ከዚያ 13 ሜይ 1999ን ይዩ።»

ሚስ ናፉላ ስልካቸውን አወጡ። የምርቃት እጅ በጠረጴዛው ሥር የእኔን እጅ ያዘ፤ ከስድስት ዓመቷ ወዲህ እጄን ይዛኝ አታውቅም።

«2007ቱ እሑድ ነው» አሉ ሚስ ናፉላ። ቀጥለውም «1999ኙ ሐሙስ ነው» አሉ።

ስልኩን አጠገባቸው ለተቀመጡት ሰውዬ አቀበሉ። ሰውየው አዩት፣ ለሦስተኛው አቀበሉ። ከዚያ ሚስ ናፉላ ወደ ልጄ ዞሩ። «ምርቃት፣ ክሱ ተነሥቷል። ዝርዝሩን ግን እስከ ሰኞ አስተካክለሽ ታስገቢያለሽ። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ። ይህን ያስረዳችንን ሰውም እንደ ምንጭ ትጠቅሻለሽ፤ ያለ እሷ የእኛ አንባቢ ሊገባው አይችልም።»

ደረጃው ላይ ስንደርስ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እህተማርያም ቀድማን ወርዳ ነበር። ማታቱ ውስጥ አሸንፈን የምንመለስ እኛ፣ ተሸንፋ የምትመለስ እሷ መሰለች። «ምን ሆነሻል?» ብላት «ስንት ልጅ በዚህ ዓይነት አሳስቼ ይሆን?» አለችኝ።

በማግስቱ በአሥር ሰዓት ምርቃት የተስተካከለውን ወረቀት ይዛ መጣች። እህተማርያም እንደ ወትሮው ከላይ ጀምራ አየች። መጽሔቱ ላይ ስትደርስ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል፤ ራሷን ነቀነቀች። አንድ መስመር ወረደችና ቆመች። አንገቴን አስግጌ አነበብኩት፤ የእህተማርያም ስም ከነአባቷ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ናይሮቢ ይላል።

«ይህን አጥፊው» አለች።

«ሚስ ናፉላ እኮ ነች ያለችው፣ አንቲ።»

«ሚስ ናፉላ ሰው ጥቀሺ አለችሽ። አስተማማኝ ሰው መሆን አለበት። እኔ የተሳሳትኩ ሰው ነኝ። አስተማማኝ መሆኔን በምን አረጋገጥሽ?»

ምርቃት ትከሻዋን ሰበቀች፤ እንዲህ ቀላል ነገር መጠየቋ የገረማት ይመስላል። «ሶርስ ሁሉ ይሳሳታል፣ አንቲ። ሱቋን ዘግታ፣ በማታቱ መጥታ፣ ተሳስቻለሁ ያለች ሶርስ ግን አንቺን ብቻ ነው ያገኘሁት።»

እህተማርያም ወረቀቱን እንደያዘች ወደ ፎቶ ኮፒው ዞረችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የማላለቅስበት ምክንያት አልታየኝም።